ኪኒኑን ካቆምኩ ወዲህ አበባዬ ጠፋ፤ ጳጉሜን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

የፔዳ ቡና (ጥቅምት 3)

እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ስሜ ይቅር። ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ጀበና ቡና የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ይህ ይበቃል። ከረከቦቴ ፊት በርጩማ ስቦ የተቀመጠ ሁሉ የሆዱን ያወራኛል። የእኔን ግን የማወራው ለማን ነው? ለዚህ ነው እዚህ የመጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለ4 ዓመት የወሊድ መከላከያ ኪኒን ስወስድ ነበር። ያው ጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጡትን፣ 28 ፍሬ ያለውን፤ 21 ነጭ፣ 7 ቡናማ። ልጄ 5 ዓመት ሞላት። እኔና ባለቤቴ ሁለተኛ ይምጣ ተባባልንና ነሐሴ ላይ አቆምኩ። የመጨረሻዋን ነጭ ፍሬ የዋጥኩት ነሐሴ 12 እሑድ ማታ ነው። ቡናማዎቹን ጣልኳቸው። በ15 ረቡዕ ማታ የወር አበባዬ መጣ። ለፍልሰታ ነጠላዬን አጥቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ በማግስቱ ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። በአራተኛው ቀን ደረቀ።

ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ጠብታ እንኳን።

እናንተዬ፣ እኔ እኮ ሰዓት ነበርኩ። 4 ዓመት ሙሉ የሚመጣብኝ ረቡዕ ነው። 28 ቀን ልክ አራት ሳምንት ስለሆነ ቀኑ አይለወጥም። የእኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ነው፤ ስለዚህ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል። ዘንድሮ በ21 ማርያም ከመጣ፣ ቀጥሎ በ19 ገብርኤል፣ ከዚያ በ17 እስጢፋኖስ። ወረቀት ላይ ጽፌ አላውቅም። የትኛው በዓል ላይ ከደጅ እንደምቆም ግን ከወር በፊት አውቀዋለሁ። አሁን ሰዓቱ ቆመ።

ስጀምረውም በሰላም አልተቀበለኝም። የጀመርኩት ልጄ 8 ወር ሲሆናት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፓኬቶች ነጥብ ነጥብ ሲለኝ ከረመ። ሞዴስ ለማድረግ አይበቃ፣ ትቼው ልሂድ ብል ቀሚስ ያበላሻል። ጎረቤቴ “ደምሽ ተበላሽቷል” አለችኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ሲስተሯ “ሦስት ፓኬት ታገሺ” አለችኝ። እውነትም በሦስተኛው ለቀቀኝ። ከዚያ ደግሞ መጠኑ አነሰ። ድሮ 5 ቀን ሙሉ ይፈሰኝ ነበር፣ ቁርጠቱ ደግሞ ለብቻው። በኪኒኑ ጊዜ 3 ቀን፣ አንዳንዴም ቡናማ ነገር ብቻ። ቁርጠቱንማ ረሳሁት።

አማቴ ይህን ሲሰሙ አልወደዱትም። “ያልወጣው ደም የት ይሄዳል? ታምቆ ይቀራል፣ ማህፀን ያደርቃል” ይላሉ። ያን ጊዜ እስቅ ነበር። አሁን ሲጠፋብኝ ሳቁ ጠፋ።

መስከረም 20 ላይ ከፋርማሲ የሽንት መመርመሪያ ገዛሁ። አንድ መስመር። ለባለቤቴ እንኳን አልነገርኩም። አማቴ ግን ለካ ሲቆጥሩ ኖረዋል። ሰሞኑን ሱቅ መጥተው ከደንበኛ ጋር ቡና ስንጠጣ፣ ምንም ሳይናገሩ ጤና አዳሟን ከእኔ ስኒ ብድግ አድርገው አወጧት። ጤና አዳም ለእርጉዝ አይሆንም ይባላል፤ አገር ያውቀዋል። ሁሉም አየ። በማግስቱ አንድ የባጃጅ ልጅ “እንኳን ደስ አለሽ” ብሎኝ አረፈ።

እና ጥያቄዬ። ከነሐሴ 15 ወዲህ 48 ቀን ሆነኝ። ይህ ደህና ነው? ስንት ቀን ልጠብቅ? ወይስ አርግዤ ነው መመርመሪያው የሚዋሸኝ?


ዘንባባ (ጥቅምት 3)

48 አይደለም እቴ። ጳጉሜን ረስተሻታል። ከነሐሴ 15 እስከ ነሐሴ 30 15 ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 30፣ ጥቅምት 3። 53 ነው።


የፔዳ ቡና

ውይ! አማቴ እንኳን ያልረሷትን እኔ ረሳሁ። የቤት ኪራይ ላይ የማትቆጠር ወር እዚህ ላይ ትቆጠራለች?


ዓባይ ማዶ (ጥቅምት 3)

እህቴ፣ የራሴን ልንገርሽ፤ አንቺም እንደዚያ ነሽ ማለቴ ግን አይደለም። እኔ ኪኒን ካቆምኩ በኋላ አበባ የሚባል አላየሁም። መጀመሪያ ይስተካከል፣ ከዚያ እንሞክራለን ብለን ነበር። አበባ ሳይመጣ አይረገዝም የሚል ነገር በጭንቅላቴ ነበረ፤ ማን እንደነገረኝ አላውቅም። ማቅለሽለሽ ሲጀምረኝ አሜባ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ሰገራ ተመረመርኩ። አሜባ የለም። በመጨረሻ አንዱ ሐኪም ሽንት ስጪ አለኝ። አሜባው ዛሬ 3 ዓመቱ ነው፤ ይህን ስጽፍ ስልኬን እየነጠቀኝ።

አንድ መስመር ማለት በቃ የለም ማለት አይደለም። ድገሚው።


አዋላጇ (ጥቅምት 4)

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ እዚሁ ባሕር ዳር ነው የምሠራው። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁና ይህን ጥያቄ በሳምንት ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

በየረቡዑ ይመጣ የነበረው የራስሽ የወር አበባ አልነበረም። ነጮቹ ፍሬዎች ውስጥ ሁለት ሆርሞን አለ። ቡናማዎቹ ግን አይረን ናቸው፤ ሆርሞን የላቸውም። መዋጡን እንዳትረሺና ደምሽ እንዳያንስ የተጨመሩ ናቸው። ነጩ ሲቆም ማህፀን ሆርሞኑ ይቀርበትና የውስጥ ሽፋኑን ይለቀዋል። እሑድ ማታ አቁመሽ ረቡዕ የመጣው ለዚህ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ቀን ይፈጅበታል። የነሐሴ 15ቱም ያው ነው። ስለዚህ አበባሽ ጠፋ አይባልም፤ የራስሽ የመጀመሪያው ገና አልመጣም።

ለአማትሽ። ያልወጣ ደም የለም። የሚፈሰው የማህፀን ሽፋን ነው። ያለ ኪኒን ሽፋኑ ወር በወር ይወፍራል፣ ከዚያ ይረግፋል። በኪኒን ጊዜ ስስ ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህ ትንሽ ይወጣል። ያልተጠመቀ ጠላ አይቀዳም በያቸው። ማህፀንም አያደርቅም። በአክብሮት ንገሪያቸው እንጂ፤ እኔ ለራሴ እናት ስነግር 6 ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስትጀምሪ ነጥብ ነጥብ ያለሽ ሰውነት ከአዲሱ መጠን ጋር እስኪላመድ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በጣም የተለመደ ነው። ብዙ ሴቶች ኪኒኑን የሚጥሉት ያኔ ነው፤ ያሳዝነኛል፣ ሊያልፍ ሲል ነው የሚተዉት።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ። ኪኒኑ ከአንጎል ሥር ያለችውን ትንሽ እጢ ያስተኛታል። እንቁላል አብስሉ፣ አውጡ ብላ የምታዘው እሷ ናት። ስታቆሚ መንቃት አለባት። ብዙዎች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ያያሉ። እስከ 3 ወር የሚዘገይባቸውም አሉ፤ ይህም ከጤና አይቆጠርም ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ቀኑ ሊዘበራረቅ ይችላል። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ከኪኒኑ በፊት በስንት ቀን ነበር የሚመጣብሽ?

ዓባይ ማዶ ያለችው ትክክል ነው። እንቁላል የሚወጣው አበባ ከመምጣቱ 2 ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን አበባ ሳታዪ ማርገዝ ትችያለሽ። ከመስከረም 20 በኋላ እንቁላል ወጥቶ ከሆነ ያኔ የተመረመርሽው ምንም ሊያሳይ አይችልም። ነገ ጠዋት፣ በመጀመሪያው ሽንት፣ ውሃ ሳትጠጪ ድገሚው። ልጅ ፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ ፎሊክ አሲድ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም። እርግዝናው እስኪታወቅ አይጠበቅም፤ የሕፃኑ አከርካሪ የሚሠራው ገና እናቱ ሳታውቅ ነው።

3 ወር ሞልቶት ካልመጣ፣ ምርመራውም የለም ካለ ሐኪም ይይሽ። ታይሮይድ፣ በድንገት ክብደት መቀነስ፣ ከባድ ጭንቀት፣ የእንቁላል እጢ ችግር አበባ ያስቀራሉ። ኪኒኑ በየ28 ቀኑ ደም ስለሚያመጣ እነዚህን ሸፍኗቸው ሊቆይ ይችላል። ያመጣቸው እሱ አይደለም። ጡት ካላጠባሽ ወተት ከፈሰሰሽም ተናገሪ። ከዚህ በፊት ግን፣ ቀን ሳትቆጥሪ የምትሄጂበት ነገር አለ፦ አበባ ዘግይቶብሽ በአንድ ጎን ከእምብርት በታች ኃይለኛ ሕመም ከያዘሽ፣ ራስሽን ካዞረሽ፣ በዚያው ሰዓት ተነሽ።


የፔዳ ቡና (ጥቅምት 5)

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። 4 ዓመት የቆጠርኩት የራሴን ሳይሆን የፓኬቱን ነበር በሉኛ! ትንሽ አናደደኝ፣ እውነቱን ልናገር። እንዲህ ኮርቼ።

ከኪኒኑ በፊት 32፣ 35 ይሄድ ነበር። አንድ ጊዜ 40 ደርሷል፤ ያኔ ሴት ልጅ አልነበረችኝም፣ ማንም አልቆጠረብኝም። 28 ሆኜ አላውቅም። አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ።

ጠዋት ደገምኩት። አንድ መስመር።


ሦስተኛ ዓመት (ጥቅምት 5)

ጥያቄ ላስገባ? ይቅርታ። የግቢ ተማሪ ነኝ። ኪኒን ከጀመርኩ ሁለተኛ ፓኬቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ለጥናት ደቅ ደሴት ሄደን ነበር። ስንመለስ ጣና ተነሳበት፣ ጀልባው ወዲያ ወዲህ ሲለን የበላሁትን ሁሉ አወጣሁ። ኪኒኑን የዋጥኩት ጀልባ ላይ ስንወጣ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው። በማግስቱ ደክሞኝ ተኝቼ ሳልውጥ ቀረሁ። አሁን ነጥብ ነጥብ ይለኛል። ተበላሽቶብኝ ይሆን?


አዋላጇ

የኔ ልጅ፣ አልተበላሸብሽም። በዋጥሽ 2 ሰዓት ሳይሞላው ካስታወከሽ አልገባም ማለት ነው፤ ሌላ ፍሬ ወዲያው መዋጥ ነበረብሽ። በማግስቱም ስለተውሽ ሁለት ነጭ እንደዘለልሽ ቁጠሪው። የሚያንጠባጥበውም ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ሆርሞኑ ወረድ ሲል ሽፋኑ ይላቀቃል። አንድ ፍሬ የረሳች ባስታወሰችበት ሰዓት ትውጣለች፣ በአንድ ቀን ሁለት ብትሆንም። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ መዋጡን ትቀጥላለች፣ 7 ቀን በተከታታይ ነጭ እስክትውጥ ኮንዶም ትጠቀማለች። ከእነዚህ 7 ቀናት በፊት ነጮቹ ካለቁ ቡናማዎቹን ዘልላ አዲስ ፓኬት ትጀምራለች። ቡናማ የረሳች ምንም አይደለም፣ ትጣለው። ያለ ኮንዶም ግንኙነት ነበረሽ ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ብቅ በይ።

የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ካለችም ትናገር፤ አንዳንዶቹ የኪኒኑን ጉልበት ይቀንሳሉ። የተለመደው የጉሮሮና የአሜባ መድኃኒት ግን አይነካውም።


የፔዳ ቡና

ልጄ፣ እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ፓኬቷን ከጥርስ ብሩሽሽ ጋር አስቀምጪያት። ስልክሽ ላይም ደወል ሙዪ፤ እኔ የሞላሁት ለማታ 3 ሰዓት ነበር። በሁዳዴም በምንም ሰዓቱ አይዛባም፤ ጾምም አይነካም፣ ማታ ነዋ። ደሞ ጀልባ ስትወጪ ሎሚ ያዢ። አክስቴ ከዘጌ ቡና ስታመጣልኝ ሎሚ እያሸተተች ነው የምትሻገረው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጣና ላይ ኖራ ዛሬም ትፈራዋለች።


አባ ወራ (ጥቅምት 6)

ወንድ መግባት ይችላል? ባለቤቴ በ3 ወር የሚወጋውን መርፌ ነበር የምትወስደው። ካቆመች 5 ወር ሆነ፣ አበባዋ አልተመለሰም። እኛ ቤትም እናቴ መቁጠር ጀምራለች።


አዋላጇ

ግባ ወንድሜ፣ ወንዶች ቢበዙ ደስ ይለኛል። መርፌው ከኪኒን ይለያል። መድኃኒቱ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፤ በሰዓቱ ባትወጋም ወዲያው አያልቅም። ካቆሙት መካከል እርግዝና እስኪመጣ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይሄዳል፤ አንዳንዷን ከዚያም በላይ ያቆያታል። መካንነት አይደለም። 5 ወር ስትል ግን ከመጨረሻው መርፌ ነው ወይስ መርፌው ካለቀበት ቀን? እሱን ለይ። ሽንቷን ግን ትመርመር። እናትህን ደግሞ አንተ አነጋግር፤ ይህን ለሚስትህ አትተውላት።


አባ ወራ

ከመጨረሻው መርፌ ነው። እናቴን ዛሬ ማታ አነጋግራለሁ።


ዘንባባ

ማታ ከቡና በኋላ ይሁን።


የፔዳ ቡና (ጥቅምት 12)

መጣ!

ማክሰኞ። ረቡዕ እንኳን አይደለም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሆዴ ሲቆርጠኝ ነቃሁ። መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ የማታው ሽሮ ነው ብዬ ነበር። ያ የድሮ ቁርጠት ነው፣ የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት የሚያስቀረኝ። 4 ዓመት አላየሁትምና ፊቱን ረስቼዋለሁ። ደሙም እንደዚያው፤ እስከ ቀትር ሦስት ሞዴስ። ጳጉሜን ጨምሬ ስቆጥረው 62 ቀን።

ልጅ ፈልጌ አበባ ሲመጣ ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔም አላመንኩም። አልቅሻለሁም። ሁለቱም አንድ ላይ። ባለቤቴ ቆሞ አየኝና የትኛው እንደሆነ ቢጠፋው ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ።

ሱቅ ከፈትኩ። አማቴ ከሰዓት መጡ። ቡናው ደረሰ፣ ቀዳሁ፤ ጤና አዳሙን ቀነጠብኩና ሁሉም እያዩኝ አንዷን ከራሴ ስኒ ጨመርኩ። አማቴ ስኒውን አዩ፣ እኔን አዩ። “ጎሽ፣ ለሆድ ቁርጠት ይሆናል” አሉ። ሌላ አልተናገሩም። የጠላውን ነገር በሌላ ቀን እነግራቸዋለሁ። የባጃጁን ልጅ ግን ምን ብዬ እንደምመልሰው እንጃ፤ ቡና በነጻ ሰጥቼዋለሁ።

ሲስተር፣ ይህን ያህል መፍሰሱ ደህና ነው?


አዋላጇ

እስከ ቀትር ሦስት ከሆነ ደህና ነሽ፤ ሽፋኑ ከኪኒኑ ነጻ ሆኖ ወፍሮ ነው። በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ የሚሞላ ከሆነና ለሁለት ሰዓት ካልቆመ፣ ወይም ከ8 ቀን ካለፈ ነይ። ለቁርጠቱ አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋር ውሰጂ፤ የጨጓራ ሕመም ካለብሽ ግን ፓራሲታሞል። ልጅ ለማምጣት የምትሞክሪ ስለሆነ አይቡፕሮፌኑን አበባሽ ሲያልቅ አቁሚው። ዛሬን አንድ ብለሽ ቁጠሪ። የራስሽ ቁጥር ከዛሬ ነው የሚጀምረው። ፎሊክ አሲዱን እንዳትተዪ።


ሦስተኛ ዓመት (ጥቅምት 14)

የእኔም ቆመ። ሄጄ ተመርምሬያለሁ፣ ምንም የለም። ሎሚም ገዝቻለሁ።


የፔዳ ቡና (ኅዳር 15)

ለጠየቃችሁኝ። ዛሬ ጠዋት መጣ። እሑድ፣ የነቢያት ጾም መግቢያ። 33 ቀን። ዘንባባ፣ ከመጮህሽ በፊት፣ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።


ዘንባባ

ቆጥሬያለሁ፣ ልክ ነሽ። ከዚህ በኋላ እስከ ነሐሴ ጳጉሜን የለችብሽም።